ሴናተሩና ፀጉራቸው፦ የዊልያም ፕሮክስማየር ሕይወት

የታዋቂ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ አብዛኞቻችን የለመድነው አንድ ፈር አለ። የትውልድ ቀን፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ የያዙት ሥልጣን፣ ያገኙት ሽልማት፣ የሞቱበት ዓመት። ይህ ሁሉ ተደርድሮ ሲያልቅ ሰውየው እንደኛው ሥጋ ለባሽ መሆኑ ይረሳል፤ ጥርሱን ታሞ፣ ወገቡን ተይዞ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ የሚያውቅ አይመስልም። በዚህ ጽሑፍ የማስተዋውቃችሁ አሜሪካዊው ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር ግን በዚህ ፈር ብቻ ተጽፈው አያልቁም። የእሳቸውን ታሪክ የሚተርክ ሰው ስለ መንግሥት በጀት፣ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግና ስለ ፀጉር ንቅለ ተከላ በአንድ ላይ ለማውራት ይገደዳል። እንዴት የሚለውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ግን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ኤድዋርድ ዊልያም ፕሮክስማየር ኖቬምበር 11 ቀን 1915 በኢሊኖይ ግዛት፣ ሌክ ፎረስት በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሐኪም ነበሩ፤ ቤተሰቡም ችግር የማያውቅ ነበር። በ1938 ከየል ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ፤ በ1940 ከሃርቫርድ በንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ አገኙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የፀረ ስለላ ክፍል ውስጥ አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ሃርቫርድ ገብተው በ1948 በሕዝብ አስተዳደር ሌላ ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ። ይህን ሁሉ የተማረ ሰው ባንክ ቤት ወይም ትልቅ ኩባንያ ይገባል ብለን እንጠብቃለን። እሳቸው ግን በ1949 ዊስኮንሲን ግዛት ማዲሰን ከተማ ሄደው የጋዜጣ ዘጋቢ ሆኑ።

ከጋዜጠኝነት ወደ ፖለቲካ ለመግባት ብዙም አልቆዩም። የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ሆኑና ወዲያው ዓይናቸውን የግዛቲቱ ገዥነት ላይ ጣሉ። በ1952 ተወዳድረው ተሸነፉ። በ1954 ተሸነፉ። በ1956ም ተሸነፉ። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ዘንድሮስ ይበቃዋል እየተባለ ሳለ በሜይ 1957 የዊስኮንሲኑ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ሞቱ። ኮሚኒስት እያሉ ብዙ ሰው በመክሰስ ስማቸው የገነነው ማካርቲ ማለት ናቸው። ወንበሩን ለመሙላት በኦገስት በተደረገው ልዩ ምርጫ ፕሮክስማየር አሸነፉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ 1989 መጀመሪያ ድረስ ከሴኔቱ አልወጡም።

ያሸነፉት በገንዘብ አይደለም። ፋብሪካ በር ላይ፣ የፉትቦል ስታዲየም መግቢያ ላይ፣ በብርድም በሐሩርም ቆመው የመራጩን እጅ ይጨብጡ ነበር። በ1976ና በ1982 በተደረጉት የመጨረሻ ሁለት ምርጫዎቻቸው ለቅስቀሳ መዋጮ አልቀበልም ብለው በእያንዳንዱ ያወጡት ወጪ 200 ዶላር እንኳ አልሞላም። ከቤታቸው እስከ ምክር ቤቱ ሕንፃ ሲሄዱ መኪናውን ትተው የሚሮጡባቸው ብዙ ቀናት ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰውየውን የሚገልጸው አለመቅረታቸው ነው። ከ1966 እስከ 1988 ድረስ ሴኔቱ በስም ጥሪ ድምፅ ሲሰጥ አንድም ሳያመልጣቸው በተከታታይ 10,252 ጊዜ ድምፃቸውን ሰጥተዋል። ከጃንዋሪ 1967 ጀምሮ ደግሞ ሴኔቱ በተሰበሰበ ቀን ሁሉ ተነሥተው ስለ አንድ ጉዳይ አጭር ንግግር የማድረግ ልማድ ነበራቸው። የጉዳዩን ምንነት ቆይቼ እመጣበታለሁ። ለጊዜው ይህ ሰው ከሥራ የማይቀር ሰው እንደነበር ልብ በሉ፤ ለፀጉሩ ታሪክ ቁልፉ እሱ ነውና።

በ1972 ሴናተሩ የ56 ዓመት ሰው ነበሩ። ፀጉራቸው ከግንባራቸው ሸሽቷል። በዚያው ዓመት ፀጉር አስተከሉ።

ይሄ ዛሬ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያኔ ግን ሌላ ነበር። በ1939 ጃፓናዊው የቆዳ ሐኪም ሾጂ ኦኩዳ ፀጉር ያለውን ቆዳ በትንንሽ ክብ እየነቀለ ጠባሳ ላይ መትከል እንደሚቻል አሳትሞ ነበር። ነገር ግን ጽሑፉ በጃፓንኛ መሆኑና ወዲያው ጦርነቱ መግባቱ ተደምረው ምዕራቡ ዓለም ሳያውቀው ቀረ። አሜሪካ ውስጥ ሥራውን የጀመረው የኒውዮርኩ የቆዳ ሐኪም ኖርማን ኦሬንትራይክ ነው። በ1952 ለራሰ በራ ሰው ተከለ፤ በ1959 ውጤቱን አሳተመ። ያገኘው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። በጭንቅላት ኋላና በጎን ያለው ፀጉር ወደ ግንባር ቢዛወርም የመጣበትን ቦታ ጠባይ አይለቅም፤ ኋላ ላይ እያለ የማይረግፍ ከነበረ ፊት መጥቶም አይረግፍም። አገር ቢለውጥም አመሉን የማይለውጥ ሰው ዓይነት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል። ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር በሚያህል ክብ መብሻ ከኋላ በኩል ፀጉር ያለው ቆዳ ከነሥሩ ይነቀላል። ከፊት ደግሞ ከመላጣው ላይ በመጠኑ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ይበሳና ያ ችግኝ ይሰካበታል። በአንዱ ችግኝ ውስጥ አሥርና ከዚያም በላይ ፀጉር ይኖራል። ነገር ግን ቀዳዳዎቹ ተጠጋግተው ከተበሱ ደም በደንብ ስለማይደርሳቸው ችግኙ ይሞታል። ስለዚህ ሐኪሙ በመካከላቸው ክፍት ቦታ ይተዋል፤ ቁስሉ ሲድን ሰውየው ተመልሶ ይመጣና ክፍቱ ይሞላል። አንድን ቦታ በወጉ ለመሙላት አራት ጊዜ ያህል መመላለስ የተለመደ ነበር። መሃል ላይ ሰልችቶት የተወ ሰው ግንባሩ ላይ እንደ ጥርስ ብሩሽ ጉንጉን በጉንጉን የቆመ ፀጉር ይዞ ይቀራል። በዚያ ላይ የተተከለው ፀጉር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልሶ ይረግፋል። ሥሩ ግን አልሞተም፤ ከሦስትና አራት ወር በኋላ ማቆጥቆጥ ይጀምራል፤ ሙሉ መልኩን ለማየት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻለዋል ማለት ነው።

በዚያን ዘመን ፀጉር የሚያስተክሉ ብዙ ወንዶች ነገሩን በምስጢር ይይዙት ነበር። የዓመት ፈቃድ ይወጣሉ፣ ኮፍያ ይደፋሉ፣ የጠየቃቸውን ሰው በሌላ ምክንያት ይሸነግላሉ። ምክንያቱም ቅርፊቱ አሥር አሥራ አምስት ቀን ይቆያል፤ የግንባሩ እብጠትም አንዳንዴ ወደ ዓይን ይወርዳል። ለፕሮክስማየር ግን ይህ መንገድ ዝግ ነበር። ድምፅ የመስጠት ሰንሰለታቸው ስድስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ የዕለት ንግግራቸውም እንዲሁ አምስት ዓመት አልፎታል። ያንን ሳይበጥሱ ለሳምንታት ከሰው ዓይን መሰወር የማይታሰብ ነበር። ነገሩን አልደበቁም። ጋዜጦች ጻፉበት፤ ቀልድም ተቀለደበት። እሳቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። ያ የድምፅ ሰንሰለት በ1972ም አልተበጠሰም።

ለመንግሥት ሳንቲም የሚቆጥር ሰው ለፀጉሩ ሲጨነቅ ማየት የሚያስቅ ነገር አለው፤ አልክድም። ግን ቆም ብለን ብናስበው ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። የሕዝብን ካዝና መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ የገዛ ገላን መንከባከብ ሌላ። እንዲያውም በ1973 ስለ አካል እንቅስቃሴ፣ ስለ አመጋገብና ስለ ዕረፍት መጽሐፍ ጽፈዋል። መልካቸውን ይወዱ ነበር፤ አለመውደዳቸውን ግን አስመስለው አያውቁም።

የዚህን ታሪክ ምፀት የሚያጎላው ከሦስት ዓመት በኋላ የመጣው ነው። በማርች 1975 ሴናተሩ የሕዝብ ገንዘብ አባክኗል ላሉት መሥሪያ ቤት የሚሰጥ የወርቅ ጠጉር የተባለ የፌዝ ሽልማት አቋቋሙ። በእንግሊዝኛው ቃሉ የበግ ጠጉርም ነው፣ ሰውን አታልሎ መግፈፍም ነው። የመጀመሪያው ሽልማት የደረሰው ሰዎች ለምን በፍቅር እንደሚወድቁ ለማጥናት 84,000 ዶላር ለሰጠው ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነበር። እስከ 1988 ድረስ 168 ጊዜ ተሰጠ። ብዙውን ጊዜ መሥሪያ ቤቶቹን አሳፍሯል፤ ቁጠባም አስተምሯል። አንዳንዴ ግን ያለ አግባብ ጎድቷል። በዝንጀሮዎች ላይ የቁጣ ባሕርይን ሲያጠና የነበረው ሮናልድ ሃችንሰን የተባለ ተመራማሪ ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሳቸው። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ውስጥ ለተናገረው ያለው ከለላ ለጋዜጣዊ መግለጫና ለዜና መጽሔት አይሆነውም ሲል ወሰነ። መጨረሻው በእርቅ አለቀ፤ ፕሮክስማየር 10,000 ዶላር ከፈሉ፤ ሴኔቱ ውስጥ ቆመውም ይቅርታ ጠየቁ። የራሳቸውን ፀጉር ቀልድ የቻሉትን ያህል የሌላውን ሰው ስም መጠንቀቅ አልቻሉም ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ የዕለት ንግግር እንምጣ። ጉዳዩ የዘር ማጥፋት ወንጀልን ለመከላከልና ለመቅጣት የተባበሩት መንግሥታት በዲሴምበር 1948 ያጸደቀው ስምምነት ነው። እዚህ ላይ የእኛ አገር ትገባለች። ይህን ስምምነት ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ቀኑም ጁላይ 1 ቀን 1949 ነው። ስምምነቱን ካረቀቁት አንዷ የሆነችው አሜሪካ ግን ፈርማ ስታበቃ ሴኔቷ ሳያጸድቀው ዓመታት አለፉ። ፕሮክስማየር ይህ አሳፋሪ ነው ብለው በ1967 ጀመሩ። በ19 ዓመት ውስጥ 3,211 ንግግር አደረጉ። ፀጉራቸው ሲረግፍም ተናገሩ፣ ሲተከልም ተናገሩ፣ ሲበቅልም ተናገሩ። ብዙውን ጊዜ አዳራሹ ባዶ ነበር። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1986 ሴኔቱ 83 ለ11 በሆነ ድምፅ ተቀበለው። ማስፈጸሚያው ሕግ በኖቬምበር 1988 በፕሬዚዳንት ሬጋን ተፈረመ፤ በሳቸውም ስም ይጠራል። ከኢትዮጵያ 39 ዓመት ዘግይቶ መሆኑ ነው።

ሴናተሩ በዚያ አዳራሽ ሲመላለሱ የፀጉር ተከላው ሙያም ባለበት አልቆመም። የእሳቸው ዘመን ችግኝ ትልቅ ስለነበር የግንባሩ መስመር ከቅርብ ሲያዩት የአሻንጉሊት ፀጉር ይመስል ነበር። የተፈጥሮ ግንባር ቀጥ ያለ መስመር የለውም፤ መጀመሪያ ነጠላ ነጠላ ፀጉር ይታያል፣ ወደ ኋላ ሲሄድ ይደፍናል። በዚያ ላይ መመለጡ ስለማይቆም ከተተከለው ኋላ ያለው ፀጉር ሲረግፍ ችግኙ ብቻውን እንደ ደሴት ይቀራል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ችግኙ እያነሰ መጣ። በ1990ዎቹ ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ እያዩ ፀጉር በተፈጥሮው ከሚበቅልበት፣ ከአንድ እስከ አራት ፀጉር ካለበት ጥቅል በላይ እንዳይተከል አደረጉ። ያኔ የቀድሞዎቹ ታካሚዎች ለጥገና መመለስ ጀመሩ። የድሮው ትልቅ ችግኝ ተነቅሎ ይከፋፈላል፤ ክፍልፋዩ ተበትኖ ይተከላል፤ ከፊቱ ነጠላ ፀጉር ይደረድራሉ። ይህም አንዴ ሳይሆን ሁለት ሦስት ዙር ሊጠይቅ ይችላል። ትልቁ እንቅፋት ኋላ ያለው ፀጉር የማያልቅ ሀብት አለመሆኑ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተባከነ በሦስተኛው አይገኝም። በጀት የሚጠብቅ ሰው ይህን ሒሳብ በቀላሉ ይረዳዋል።

ፕሮክስማየር በ1988 ለምርጫ ሳይወዳደሩ ቀሩና በጃንዋሪ 1989 ሥራቸውን አስረከቡ። በ1998 የአልዛይመር በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ፤ ይህንንም አልደበቁም። 10,252 ጊዜ ስማቸው ሲጠራ አለሁ ያሉት ሰው ቀስ በቀስ የሰዉን ስም መርሳት ጀመሩ። ዲሴምበር 15 ቀን 2005 በሜሪላንድ ግዛት ሳይክስቪል በ90 ዓመታቸው አረፉ።

የእሳቸውን ታሪክ ስጽፍ የፀጉሩን ጉዳይ ትቼ ስለ ስምምነቱ ብቻ ብጽፍ የተከበረ ጽሑፍ ይወጣው ነበር። የፀጉሩን ብቻ ብጽፍ ደግሞ ፌዝ ይሆናል። ሁለቱ በአንድ ጭንቅላት የኖሩ ናቸው። በዲፓርትመንታችን የአንድን ሰው ታሪክ ለመጻፍ የምንቀመጥ ተማሪዎች ያ ሰው ራሱ ያልደበቀውን ነገር እኛ ስለ ክብሩ ብለን ባንደብቅበት መልካም ይመስለኛል።