ቢላል (ረ.ዐ)፦ ከመዲና ትኩሳት እስከ ካዕባ ጣሪያ

የቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ) ስም ሲነሳ ሁላችሁም ፈጥናችሁ የምታስታውሱት በመካ ሐሩር ደረታቸው ላይ የተጫነውን ድንጋይና አዛናቸውን ነው። በሁለቱ መካከል ግን ብዙ የማይነገርለት የሕመም ወቅት አለ።

እናታቸው ሐማማ ሐበሻ ነበረች። ቢላልም መካ ውስጥ በባርነት ኖሩ። አሳዳሪያቸው ኡመያ ኢብን ኸለፍ ከእስልምና ሊመልሳቸው ብዙ አሠቃያቸው፤ በኋላ አቡበክር (ረ.ዐ) ገዝተው ነፃ አወጧቸው። እ.ኤ.አ. በ622 ሙስሊሞች ወደ መዲና ሲሰደዱ እሳቸውም ተሰደዱ።

አሁንስ አረፉ ሲባል ታመሙ። መዲና ያን ጊዜ በትኩሳት የታወቀች አገር ነበረች፤ ቡጥሓን በሚባለው ሸለቆዋ የተበላሸ ውሃ ይተኛ ነበር። አቡበክር፣ ዓሚር ኢብን ፉሃይራና ቢላል አልጋ ያዙ። እናታችን አዒሻ (ረ.ዐ) ሊጠይቋቸው ገቡ። ቢላል ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርጋቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የመካን ሸለቆና ሣር፣ የመጀንናን ውሃ፣ የሻማንና የጠፊልን ተራሮች በግጥም ይናፍቁ ነበር። አስቡት! የተሠቃዩበት አገር እኮ ነው። የታመመ ሰው ግን የሚናፍቀው የሚያውቀውን ነው። ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ ላይ የታመመ ልጅ የእናቱን ቆጮ ሲያነሳ በስልክ የሰማችሁ ይህን ታውቁታላችሁ።

አዒሻ ያዩትን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገሩ። ነቢዩም ናፍቆቱን አልነቀፉም፤ መዲና እንደ መካ የተወደደች እንድትሆንላቸው፣ ጤናማም እንድትሆን፣ ትኩሳቷም ወደ ጁሕፋ እንዲሄድ አላህን ለመኑ። ቢላል ዳኑ።

ነገር ግን ከሕመም መዳን ብቻውን ኑሮ አይሆንም። መስጊዱ ተሠርቶ ሰው ለሶላት የሚጠራበት መንገድ ሲፈለግ፣ ዐብዱላህ ኢብን ዘይድ (ረ.ዐ) የአዛኑን ቃላት በሕልማቸው አዩ። ነቢዩም የቢላል ድምፅ ያማረ ስለሆነ ለእሳቸው እንዲያስተምሯቸው አዘዙ። በመስጊዱ ዙሪያ ከፍ ያለው ቤት የአንዲት የበኑ ነጃር ሴት ቤት ነበር። ቢላል ሌሊት ወጥተው እዚያ ላይ ተቀምጠው የጎህን መቅደድ ይጠብቁ ነበር። በትኩሳት ውስጥ ሆኖ መካን ሲናፍቅ የነበረው ድምፅ መዲናን የሚቀሰቅስ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ629 ሙስሊሞች ለዑምራ መካ ሲገቡ ቁረይሾች የመዲና ትኩሳት ያደከማቸው ሰዎች መጡ ብለው አሙ። ነቢዩም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ሶምሶማ እንዲሉ አዘዙ። ዛሬም ሐጃጆች በጠዋፍ የሚያደርጉት ረመል ከዚያ የመጣ ነው። በ630 መካ ስትከፈት ቢላል ካዕባ ጣሪያ ላይ ወጥተው አዛን አደረጉ። የናፈቁት ሸለቆ ከእግራቸው ሥር ነበር። ይሁን እንጂ እዚያ አልቀሩም፤ ከነቢዩ ጋር ወደ መዲና ተመለሱ። አገራቸው ሆናለችና። ነቢዩ በ632 ካለፉ በኋላ ወደ ሻም ሄደው በዚያው አረፉ።

ውድ አንባቢያን! በየጀመዓችን ከወባ ወይም ከሳንባ ነቀርሳ ድኖ፣ ግን ሥራው ተወስዶ፣ ጓደኞቹ ርቀውት ቤት የተቀመጠ ወጣት አይጠፋም። ሲታመም እንጠይቀዋለን፤ ሲድን እንረሳዋለን። ቢላል ግን ተጠየቁ፣ ዱዓ ተደረገላቸው፣ ከዚያም ሥራ ተሰጣቸው። ይህችን የመጨረሻዋን አትርሱ። ወጣቱን ሱቃችሁ አስገቡት፣ ከማሳችሁ አካፍሉት፣ በመስጊዱም ኃላፊነት ስጡት።

አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን፤ የዳኑትንም ለቁም ነገር ያብቃልን። አሚን።