ስቲቭ ማክዊን እና ያልታደሰችው ሙስታንግ

በጃንዋሪ 2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍሎሪዳ ውስጥ ኪሲሚ በምትባል ከተማ አንዲት አሮጌ ፎርድ ሙስታንግ ለጨረታ ቀረበች። አረንጓዴ ቀለሟ ደብዝዟል፤ ላሜራዋ እዚህም እዚያም ዝጓል፤ የውስጥ ዕቃዋ አርጅቷል። በ1974 በ6 ሺህ ዶላር የተገዛችው ይህች መኪና የአጫራቹን ክፍያ ጨምሮ በ3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዶላር ተሸጠች። እስከዚያ ቀን ድረስ በጨረታ ለየትኛውም ሙስታንግ ይህን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

መኪናዋን ለዚህ ዋጋ ያበቃት በ1968 «ቡሊት» በተሰኘው ፊልም ላይ የነዳት ሰው፣ ስቲቭ ማክዊን ነው። የአገራችን አንባቢ ማክዊንን ይበልጥ የሚያውቀው በአማርኛ ተተርጉሞ ብዙዎች ባነበቡት በ«ፓፒዮ» ታሪክ ሊሆን ይችላል። በ1973 ታሪኩ ወደ ፊልም ሲለወጥ፣ ከእስር ቤት ለማምለጥ የማይታክተውን ሰው ሆኖ የተወነው እሱ ነበር።

ማክዊን ማርች 24 ቀን 1930 በኢንዲያና ግዛት ቢች ግሮቭ ተወለደ። የአየር ላይ ትርኢት አብራሪ የነበረው አባቱ ልጁ ገና በእቅፍ ሳለ ጥሏቸው ሄደ። እናቱም ኑሮ ስለከበዳት ሚዙሪ ውስጥ ስሌተር በተባለች የገጠር ከተማ ለሚኖሩት አያቶቹ ሰጠችው። እዚያ ያሳደጉት የሴት አያቱ ወንድም፣ ገበሬው ክሎድ ቶምሰን፣ አራት ዓመት ሲሞላው ቀይ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ገዙለት። ማክዊን ከዓመታት በኋላ የፍጥነት ፍቅሩ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ያቺን ብስክሌት ያነሳ ነበር።

ቆይቶ እናቱ ወደ ከተማ ወሰደችው። ከእንጀራ አባት ጋር መስማማት አቅቶት ጎዳና ላይ ዋለ፤ ከዱርዬዎች ጋር ገጠመ። በመጨረሻም ካሊፎርኒያ ቺኖ ውስጥ «ቦይስ ሪፐብሊክ» ወደተባለ የወጣት አጥፊዎች ማረሚያ ተላከ። ይህን ቤት ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም። ዝነኛ ከሆነ በኋላ ከፊልም ኩባንያዎች ጋር ሲዋዋል ጂንስ ሱሪና የጢም መላጫ በብዛት እንዲሰጡት ይጠይቅ ነበር። ዕቃው የሚሄደው ለማረሚያው ልጆች መሆኑ ለብዙዎች የታወቀው ዘግይቶ ነው።

በ1947 የአሜሪካን ባሕር ወለድ ጦር ተቀላቀለ። ከሰፈር ያለፈቃድ ጠፍቶ 41 ቀን ታሰረ። በሌላ በኩል በአርክቲክ ልምምድ ላይ ከበረዶ በታች ሊሰምጥ ከነበረ ታንክ ውስጥ አምስት ጓደኞቹን አውጥቷል። በዚያው የውትድርና ዘመን፣ በመርከብ ውስጥ የቧንቧዎችን የአስቤስቶስ ሽፋን የመላጥ ሥራም ሠርቷል። ያኔ የአቧራው ነገር ማንንም አላሳሰበም።

በ1950 ከጦሩ ሲሰናበት ለቀድሞ ወታደሮች በሚሰጠው የትምህርት ድጎማ ኒው ዮርክ ውስጥ ትወና ተማረ። የዕለት ወጪውን በከፊል የሚሸፍነው በሳምንቱ መጨረሻ በሞተር ሳይክል ውድድር በሚያገኘው ሽልማት ነበር። በ1960 «ዘ ማግኒፊሰንት ሰቨን»፣ በ1963 ደግሞ «ዘ ግሬት ኤስኬፕ» ከትልልቆቹ ተዋንያን ተርታ አሰለፉት።

ከዚያ «ቡሊት» መጣ። ጊዜው በአሜሪካ «መስል ካር» የሚባሉት መኪኖች የነገሡበት ነበር። ነገሩ የተጀመረው በ1964 ፖንቲያክ በመካከለኛ አካል ላይ ትልቅ ሞተር ገጥሞ «ጂቲኦ»ን ሲያወጣ ነው። ውድ የስፖርት መኪና መግዛት የማይችል ወጣት በተመጣጣኝ ዋጋ ጉልበት አገኘ። ሙስታንግ በመጠኗ ስለምታንስ «ፖኒ ካር» የሚሏት አሉ፤ 6.4 ሊትር፣ 325 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሲገጠምላት ግን ከጉልበተኞቹ ጎራ ትቆማለች።

ለፊልሙ ሁለት ተመሳሳይ ሙስታንጎች ተዘጋጁ። መካኒኩ ማክስ ባልቻውስኪ የሳን ፍራንሲስኮን ዳገትና ቁልቁለት እየዘለሉ እንዲችሉ እገዳቸውን አጠነከረ። የፊት ጌጣቸው ተነቀለ፤ ከሥራቸው የካሜራ መያዣ ተበየደ። ከጥቁር ዶጅ ቻርጀር ጋር የሚደረገው ወደ 11 ደቂቃ የሚጠጋ ማሳደድ በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ የተነዳበት ነው። ማክዊን ሁሉን ብቻውን ነዳው ይባላል እንጂ አደገኛዎቹን ክፍሎች የነዱት እንደ በድ ኤኪንስ ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ይህ ግን ጎበዝ ሾፌር መሆኑን አያስቀረውም። በ1970 በሲብሪንግ የ12 ሰዓት ውድድር፣ ግራ እግሩ በጄሶ ታስሮ፣ ከፒተር ሬቭሰን ጋር በፖርሽ ሁለተኛ ወጥቷል።

ማክዊን የመኪናና የሞተር ሳይክል ሰብሳቢ ነበር። ሲሞት ከመቶ በላይ ሞተር ሳይክሎች ነበሩት። ከእጁ የወጣን ነገር መልሶ የመፈለግ ጠባይም ነበረው። በ1969 ጃጓር ኤክስኬኤስኤስ መኪናውን ኔቫዳ ለሚገኝ የመኪና ሰብሳቢ ከሸጠ በኋላ ተጸጽቶ፣ በ1977 መልሶ የራሱ አደረጋት።

በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ሙስታንጓን አሰበ። መኪናዋ ከፊልሙ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ አልፋ ኒው ጀርሲ ውስጥ ከአንድ ተራ ቤተሰብ ዘንድ ደርሳ ነበር። የቤቱ እመቤት አስተማሪ ስትሆን መኪናዋን ወደ ትምህርት ቤት ትነዳት ነበር። ማክዊን በትህትና ደብዳቤ ጻፈ፤ ዋጋው ካልተጋነነ መግዛት እንደሚፈልግና ሌላ ሙስታንግ ሊያፈላልግላቸው እንደሚችል ገለጸ። ባለቤቱ አልሸጠም። ሆሊውድ እንቢ የማይለው ሰው ከአንድ የቤተሰብ መኪና ባለቤት እንቢታን ሰማ።

በ1979 መጨረሻ ላይ በአብዛኛው ከአስቤስቶስ ጋር የሚያያዘው የሳንባ ሽፋን ካንሰር፣ ሜሶቴሊዮማ፣ ተገኘበት። የአሜሪካ ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ ያልተረጋገጠ ሕክምና ፍለጋ ሜክሲኮ ተሻገረ። ኖቬምበር 7 ቀን 1980 ሲዩዳድ ሁዋሬዝ ውስጥ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አረፈ። 50 ዓመቱ ነበር።

በዚያው በ1980 የሙስታንጓ ፍሪሲዮን ተበላሽቶ ቆመች። ቤተሰቡ ቤት ሲቀይር አብራ እየተጓጓዘች ለአሥርት ዓመታት በሚስጥር ተቀመጠች። አባት በ2014 ሲሞት ልጁ ወረሳት። ልጁም ሞተሯን አስነስቶ በ2018 በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ላይ አቀረባት። ላሜራዋን ግን አላስደበደበም፤ ቀለሟንም አላስቀባም።

የአሮጌ መኪና ወዳጅ የሆነ ሁሉ ይህ ውሳኔ ቀላል እንዳልሆነ ያውቃል። በትርኢት ላይ ዳኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸልሙት ከፋብሪካ እንደወጣች ሆና የታደሰችውን ነው። ስለዚህ ሰው ቀለም ይልጣል፣ ስቱኮ ይሞላል፣ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ይበይዳል። በዚህች መኪና ላይ ይህ ቢደረግ ግን የካሜራ መያዣዎቹ የብየዳ ምልክት አብሮ ሊጠፋ ይችል ነበር። ባለሙያዎች እውነተኛነቷን ያረጋገጡት ከሻንሲ ቁጥሯ ጋር በእነዚህ ምልክቶች ነው።

የሌላኛዋ ሙስታንግ ዕጣ ይህን ያስረዳል። ለዝላዩ የዋለችው መኪና በ2017 መገኘቷ የተሰማው ሜክሲኮ ውስጥ ነው፤ ከቁርጥራጭ መጣያ ወጥታ፣ ቀለሟ ተቀይሮ፣ የሌላ ፊልም መኪና ቅጂ እንድትሆን እየተሠራች ነበር። ሥራው ከማለቁ በፊት የሻንሲ ቁጥሯ ባይታይ ኖሮ አምራ፣ ታሪኳ ግን ጠፍቶ ትቀር ነበር።

ማክዊን የተበላሸን ነገር መጠገን የሚወድ ሰው ነበር። የራሱን የልጅነት ስብራት ግን አልሸፈነውም፤ ቺኖ እየተመላለሰ ከማረሚያው ልጆች ጋር ይቀመጥ ነበር። ሙስታንጓም እንደዚያው ጭረቷን ይዛ ቀረች። ቢሸጡለት ኖሮ ምናልባት ከሞቱ በኋላ በ1984 ላስ ቬጋስ ላይ ከሌላው ንብረቱ ጋር በጨረታ ትሸጥ ነበር። ያ እንቢታ ያኔ ቅር አሰኝቶት ይሆናል፤ የእሱን ዱካ ያቆየው ግን እሱው ነው።