ንግሥት አስቴርና የፉሪም በዓል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ልጆች፣ ዛሬ የምትማሩት እናትና አባቷ የሞቱባት የአንዲት ልጅ ታሪክ ነው። አድጋ ንግሥት ሆነች፤ ሕዝቧም በጾሟና በጸሎቷ ከሞት ዳነ። ስሟ አስቴር ይባላል።

አስቴር የኖረችው ከጌታችን ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በፋርስ አገር ነው። አይሁዳዊት ሆና ሳለች ፋርስ ምን ወሰዳት ትሉ ይሆናል። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አፍርሶ ሕዝቡን ማርኮ ወስዶ ነበር። በኋላ ፋርሶች ባቢሎንን ድል ሲያደርጉ ከምርኮኞቹ ወገን ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ሌሎቹ ግን በዚያው ቀሩ። የአስቴር ቤተሰብ ከቀሩት ወገን ነበር። ወላጆቿ ሲሞቱ ዘመዷ መርዶክዮስ እንደ ልጁ አድርጎ ሱሳ በምትባል ከተማ አሳደጋት። የሱሳ ፍርስራሽ ዛሬ በኢራን አገር ይገኛል። ንጉሡ አርጤክስስ ነበር። ግዛቱም ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገሮች እንደነበሩ መጽሐፈ አስቴር ይነግረናል።

ንጉሡ ሚስቱን አስጢንን ከንግሥትነቷ ሻራት፤ በነገሠ በ7ኛው ዓመትም አስቴርን አነገሣት። እርሷም መርዶክዮስ እንዳዘዛት ወገኗን ለማንም አልተናገረችም።

ከ5 ዓመት በኋላ ሐማ የሚባል ትልቅ ሹም ተነሣ። ሰው ሁሉ ሲሰግድለት መርዶክዮስ ግን አልሰገደም። በአንድ ሰው የተቆጣው ሐማ አይሁድን በሙሉ ሊያጠፋ አሰበ። ቂም እንዲህ ነው ልጆች፤ በአንድ ሰው ይጀምራል እንጂ በአንድ ሰው አያበቃም። የሚጠፉበትን ቀን ለመምረጥ ዕጣ ተጣለ፤ ዕጣውም አዳር በሚባለው 12ኛ ወር ላይ ወደቀ። ሐማ ለንጉሡ 10,000 መክሊት ብር ሊሰጥ ቃል ገባ፤ አዋጁም በንጉሡ ቀለበት ታትሞ ወደ አገሩ ሁሉ ተላከ።

መርዶክዮስ ማቅ ለብሶ አመድ ነስንሶ አለቀሰ። አስቴር ወደ ንጉሡ ገብታ እንድትለምንም ላከባት። ነገር ግን ሳይጠራ ወደ ንጉሡ የገባ ሰው፣ ንጉሡ የወርቅ ዘንጉን ካልዘረጋለት በቀር፣ ይገደል ነበር። አስቴር ደግሞ ከተጠራች 30 ቀን አልፏት ነበር። ዝም ብትልስ? ወገኗን የሚያውቅ የለም፤ በቤተ መንግሥት ተደብቃ መኖር የምትችል ይመስል ነበር። መርዶክዮስ ግን እርሷም እንደማታመልጥ፣ ንግሥት የሆነችውም ምናልባት ለዚህ ቀን እንደሆነ ላከባት።

አስቴር ምን አደረገች? በሱሳ ያሉ አይሁድ ሁሉ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ሳይበሉ ሳይጠጡ እንዲጾሙላት ለመነች። እርሷም ከደንገጥሮቿ ጋር ጾመች። የነነዌን ጾም ታውቁ የለ? ይህም እንደ እርሱ ሦስት ቀን ነበር። የክብር ልብሷን አውልቃ የሐዘን ልብስ ለበሰች፤ በሽቶ ፈንታ በራሷ ላይ አመድ ነሰነሰች። ጸሎቷ ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው መጽሐፈ አስቴር ውስጥ ተጽፏል። ከእግዚአብሔር በቀር ረዳት እንደሌላት ነገረችው። በንጉሡ ፊት የምትናገረውን ቃል በአፏ እንዲያኖርላት ለመነችው። ልብ በሉ፣ መፍራቷን ከእግዚአብሔር አልደበቀችም፤ ከፍርሃቷ እንዲያድናትም ጸልያለች።

በሦስተኛው ቀን የንግሥትነት ልብሷን ለብሳ፣ አንዲቱን ደንገጥር ተደግፋ ገባች። ንጉሡ በዙፋኑ ላይ ሆኖ በቁጣ ሲመለከታት ጉልበቷ ከዳት፣ ራሷንም ስታ ወደቀች። ያን ጊዜ እግዚአብሔር የንጉሡን ልብ ወደ ርኅራኄ መለሰው። ደንግጦ ከዙፋኑ ወረደ፤ ደግፎ አጽናናት፤ ዘንጉንም ዘረጋላት። ታዲያ ጸልያ ስታበቃ ለምን ወደቀች ትሉኝ ይሆናል። ጸሎቷ ብርቱ ሰው አስመስሏት አልገባችም፤ እየፈራች ገባች፣ እግዚአብሔር ግን ከእርሷ ጋር ነበር።

ከዚያ በኋላ ንጉሡንና ሐማን ሁለት ጊዜ ግብዣ ጠራቻቸው። በሁለተኛው ግብዣ ወገኗን ገልጣ የሕዝቧን ነፍስ ለመነች። ሐማ ለመርዶክዮስ ባዘጋጀው 50 ክንድ ከፍታ ባለው እንጨት ላይ እርሱ ራሱ ተሰቀለ። የቀደመው አዋጅ ሊሻር ስለማይችል አይሁድ ራሳቸውን እንዲከላከሉ ሌላ አዋጅ ወጣ። አዳር 13 ቀን ጠላቶቻቸው ተነሡባቸው፤ እነርሱ ግን ዳኑ፤ በማግሥቱም ዐርፈው በዓል አደረጉ። ፉር ማለት ዕጣ ማለት ነውና በዓሉ ፉሪም ተባለ።

አይሁድ ይህን በዓል እስከ ዛሬ በየካቲት ወይም በመጋቢት ያከብራሉ። ምግብ ይላላካሉ፣ ለድሆች ይመጸውታሉ። ከበዓሉ በፊት ግን ጾመ አስቴር ብለው ይጾማሉ፤ በአገራችን የኖሩት ቤተ እስራኤላውያንም ይህን ጾም ያውቁታል። ፀሐይ ስትጠልቅ በምኵራብ መጽሐፈ አስቴር ይነበባል፤ የሐማ ስም በተጠራ ቁጥርም ሕፃናቱ መሬቱን በእግራቸው እየደበደቡ ስሙ እንዳይሰማ ያደርጋሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።