የልዑል ዓለማየሁ ልጅነት ለእኛ አሳዳጊዎች ምን ያስተምረናል?



በቦንጋና በዙሪያዋ የምንኖር ብዙዎቻችን ከወለድናቸው ሌላ የዘመድ ልጅ እናሳድጋለን። ከጊምቦ ወይም ከዴቻ ለትምህርት የመጣ አለ፤ እናቱ የሞተችበትም አለ። ስለዚህ በዚህ እትም የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ፣ የልዑል ዓለማየሁን ሕይወት ልናነሣ ወደድን።

ዓለማየሁ በ1853 ዓ.ም. ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመው በወሩ ዐረፉ፤ ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ተቀበሩ።

ልጁን ወደ እንግሊዝ ይዞት የተሻገረው አማርኛ የሚችል ካፒቴን ስፒዲ የተባለ መኮንን ነው። ዓለማየሁ ከዚህ ሰው አልለይም አለ፤ ሌሊት ብቻውን መተኛት ይፈራ ነበር። ስፒዲ ለሥራ ወደ ህንድ ሲሄድም አብሮት ሄደ። ንግሥት ቪክቶሪያም ልጁን ወደዱት።

ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መንግሥት በሥርዓት መማር አለበት ብሎ ከስፒዲ ለየው። ከቼልተንሃም ወደ ራግቢ፣ ከራግቢ ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተዘዋወረ። ወጪው ተሸፈነለት፣ ታላላቅ መምህራን ተመደቡለት። ትምህርቱ ግን አልሆነለትም፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋውንም ረሳ። በመጨረሻ ሳንድኸርስትን ትቶ ሊድስ ከተማ ወደሚኖር የቀድሞ አስተማሪው ቤት ሄደ። እዚያም በሳንባ በሽታ ታሞ ኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ። መቃብሩ ዛሬም ዊንድሰር ነው።

የገደለው በሽታ ነው፤ ናፍቆት ገደለው አንልም። ነገር ግን ልብሱንና ትምህርቱን ያሰቡለት ሰዎች አንድ ነገር ዘለሉ፦ እናትና አባቱን ያጣ ልጅ እንደገና አንድ ሰው ለምዶ ሳለ ያንን ሰው ወሰዱበት። ከብዙ ዓመታት በኋላ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦውልቢ ልጅ ከምግብ ሌላ ሳይለዋወጥ አብሮት የሚቆይ አንድ አሳዳጊ እንደሚያስፈልገው አስረድቷል። ያ ሰው እናት ብቻ መሆን የለበትም፤ አክስትም፣ አያትም ትሆናለች።

እኛም ከዚህ የምንወስደው ቀላል ነው። የመጣብንን ልጅ ዘንድሮ እዚህ፣ ለከርሞ ሌላ ዘመድ ጋ አናድርገው። ግድ ከሆነም አስቀድመን እንንገረው፤ የለመደውንም ሰው እንዲጠይቅ እንፍቀድለት። ሲያጠፋ እንቆጣ፣ ግን ማታ ሳንታረቅ አይተኛ። ቡና ሲፈላም እንደ ተላላኪ ብቻ ሳይሆን እንደ ቤቱ ልጅ አጠገባችን ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከእያንዳንዳችን ቤት ሊጀመር ይችላል።