የኢትዮጵያን አእዋፍና አራዊት በቀለም ያስቀሩት ሰዓሊ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚጓዝ መንገደኛ መልካሳ ላይ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ ወደ አርሲ ደጋ ይወጣል። አሜሪካዊው የአእዋፍ ሰዓሊ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ እ.ኤ.አ. በ1926 በአርሲ ደጋ በበቅሎ ተጉዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1874 በኒውዮርክ ግዛት ኢታካ ከተማ የተወለዱት ፉዌርቴስ ከልጅነታቸው ጀምሮ በጫካና በሜዳ እየተዘዋወሩ ወፎችን መመልከትና መንደፍ ያስደስታቸው ነበር። የአእዋፍን ድምፅም በፉጨት አስመስለው ያሰሙ ነበር። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በዚያው ስለ አእዋፍ አስተምረዋል።

ወደ ኢትዮጵያ የመጡት የቺካጎ ፊልድ ሙዚየም ባልደረባ ዊልፍሬድ ኦስጉድ የመሩትን የጥናት ቡድን ተቀላቅለው ነው። ቡድኑ ከጅቡቲ በባቡር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በአርሲ፣ በባሌና በሲዳሞ፣ ቀጥሎም በጎጃምና በጎንደር ተዘዋውሯል። የወፍ ዓይን፣ ምንቃርና እግር ቀለም ወፏ ከሞተች በኋላ ፈጥኖ ስለሚለወጥ፣ ሰዓሊው የጉዞው ድካም ሳይበግራቸው በየሰፈሩ ወዲያውኑ ይስሉ ነበር። በዚህም ከ100 በላይ ሥዕሎችን አዘጋጅተዋል።

ፉዌርቴስ ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 22 ቀን 1927፣ ሥዕሎቹን ለወዳጃቸው አሳይተው ሲመለሱ መኪናቸው በሐዲድ ማቋረጫ ላይ በባቡር ተገጭቶ በ53 ዓመታቸው ሕይወታቸው አልፏል። በመኪናው ውስጥ የነበሩት የኢትዮጵያ ሥዕሎች ግን ከአደጋው ተርፈዋል። ሙዚየሙም ከሥዕሎቹ 32ቱን እ.ኤ.አ. በ1930 በአልበም አሳትሟል።

ቡድኑ በተዘዋወረባቸው በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚኖረው የደጋ አጋዘን ዛሬ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው የአገሪቱ ብርቅዬ እንስሳት አንዱ ነው። ሰዓሊው በሕይወታቸው ማብቂያ ያቆዩት ሥራ የዚያን ዘመን የተፈጥሮ ሀብት ለዛሬው ትውልድ የሚያሳይ ቅርስ ሆኗል።