ከአንበሳ ጋር የተገባ ሽርክና
የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት (1876 – 1969 ዓ.ም.)

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1965 የሠሩት አንድ የሣቅ ሲኒማ አለ። ኖርማን ዊዝደም የተባለው ስመ ጥር ኮሜዲያን በዚህ ሲኒማ የአንዲት ትንሽ የወተት ንግድ ቤት አመላላሽ ሆኖ ይጫወታል። ንግድ ቤቲቱ በፈረስ ጋሪ የምትሠራ፣ ባለቤቷም ሠራተኞቿም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በአንጻሩ አንድ ግዙፍ ኩባንያ የከተማውን የወተት ገበያ ለመጠቅለል ተነሥቶ ትንሿን ቤት ሊውጣት ይመጣል። ኖርማን ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይሰብራል፣ ይሰበርበታል፤ ተመልካቹም ከልቡ ይሥቃል። ሣቁ ግን ከንቱ ሣቅ አይደለም። ተመልካቹ የሚሥቀው ለትንሹ አድልቶ ነውና።

የዓመታዊ መጽሔታችን አዘጋጆች በትንሽና በትልቅ ንግድ መካከል ስላለው ትግል፣ ይልቁንም ትግሉ በሣቅ ስለሚገለጽበት መንገድ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ የታሰበኝ ይኸው ሲኒማ ነበር። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀበት የሐዋሳ ፒያሳም ለጉዳዩ እንግዳ አይደለም። በአንድ ወገን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ከነመስተዋቱ ይቆማል፤ በሌላው ወገን አንድ ልብስ ሰፊ መኪናውን ከበሩ ላይ አውጥቶ ይሠራል፤ ከእሱም አጠገብ በረከቦቷ ፊት ተቀምጣ ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ለሕንፃው የመሠረት ስሌት የምንሠራው እኛ መሐንዲሶች ነን። ለልብስ ሰፊው ግን እስካሁን ያሰላለት ያለ አይመስለኝም።

ሆኖም ነገሩን ሳሰላስል አንድ ጥያቄ መጣብኝ። ትንሹ በትልቁ ፊት ቆሞ ሕዝብን የሚያሥቅበት ድርሰት ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነውን? አይደለም። ከእንግሊዙ ሲኒማ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1913 ዓ.ም. ግድም፣ አዲስ አበባ ውስጥ በቴራስ ሆቴል አንድ ተውኔት ለመኳንንቱ ታይቶ ነበር። ስሙ ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ ይባላል። በዘመናዊ ቴአትር ታሪካችን የመጀመሪያው ተውኔት እንደሆነ ይነገርለታል። ደራሲው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የእኚህ ሰው ሕይወት ራሱ ትንሹ ከትልቁ ጋር ሽርክና ቢገባ ምን እንደሚደርስበት የሚያሳይ ስለሆነ ብዕሬን ከሲኒማው መልሼ ወደ እሳቸው አዙሬአለሁ።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሳያ ደብር በተባለው ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው ወደ ሐረር ተወስደው ከራስ መኰንን ቤት ገቡ። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘመቻ ሲታወጅ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳይሞላቸው ከጌታቸው ሠራዊት ጋር ተጓዙ፤ ጦርነቱንም በዐይናቸው አዩ። ከድሉ በኋላ ራስ መኰንን ወደ ሩሲያ ላኳቸው። በሴንት ፒተርስበርግ በሚካኤሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብተው የመድፈኛ መኰንን ሆነው ወጡ።

እዚህ ላይ ጥቂት ማስገንዘብ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የመድፈኛ ትምህርት ማለት መተኮስ ብቻ አልነበረም። ሒሳብ፣ የመሬት ቅየሳ፣ የካርታ ሥራና የቁሳቁስ ባሕርይ አብረው የሚጠኑበት፣ ዛሬ የምህንድስና መሠረት የምንለው ትምህርት ነበር። ስለሆነም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትን የሙያችን ታላቅ ወንድም ብንላቸው ማጋነን አይሆንም። ሩሲያ ውስጥ ከዐሥር ዓመት በላይ ሲኖሩ የሩሲያን ቋንቋ እንደ አፍ መፍቻቸው አወቁት፤ ቴአትር ማለት ምን እንደሆነም እዚያው ተረዱ። አሳዳጊያቸው ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ሲያርፉ እሳቸው ገና በሰው አገር ነበሩ። ወደ ሀገራቸው ከተመለሱ በኋላም ዐረፍ ሳይሉ ዳግመኛ ወደ አውሮፓ ሄደው የእርሻ ትምህርት ተማሩ። መድፍ የተማረ ሰው ማረሻ ለመማር መሄዱ ለቤተ መንግሥት ሰዎች እንግዳ ነገር ነበር። ለእሳቸው ግን የሀገሪቱ ችግር ያለው ከመሬቱ ላይ እንደሆነ ግልጽ የሆነላቸው ይመስላል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ፋቡላ ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር ተብሎ የሚቀርበው ዘፈንና ጭፈራ የተቀላቀለበት፣ ድርሰት የሌለው ጨዋታ ነበር። የፒተርስበርግን መድረክ ያየ ሰው ይህን ቴአትር ነው ብሎ ለመቀበል አልቻለም። ስለዚህ በጅሮንድ በቁም ነገር ተቀምጠው ጻፉ። የወሰዱት ምንጭ የፈረንሳዊው የላፎንቴን ተረት ነው። አውሬዎችን በሰው ቦታ አቁመው የዘመኑን ሹማምንት ጉቦኝነት፣ ስንፍናና ኋላ ቀርነት አሳዩባቸው። በእኛ ሀገር ተረት ለልጅ ብቻ የሚነገር አይደለም። ከዳኛ ፊት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃም፣ ከጌታው ፊት የሚያመለክት ጭሰኛም በአንበሳና በቀበሮ ሸፍኖ ይናገር ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ የአውሬዎቹን ቋንቋ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው። ነገሩ ከንግሥት ዘውዲቱ ጆሮ በደረሰ ጊዜ መጽሐፉ እንዳይሠራጭ ተከለከለ፤ ቴአትርም ከዚያ ወዲያ እንዳይታይ ተደረገ። ንግሥቲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. እስኪያርፉና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል በጥቅምት 1923 ዓ.ም. እስኪከበር ድረስ መድረኩ ተዘግቶ ቈየ። መድረኩ ሲከፈት ዮፍታሔ ንጉሤን የመሰሉ ደራስያን ብቅ አሉ፤ የመጀመሪያው ተውኔት ጸሐፊ ግን ወደዚያ አልተመለሱም። አንድ ሙያ ገና በተወለደ በማግስቱ ለዐሥር ዓመት ያህል ሲታፈን ምን ያህል ተሰጥዖ አብሮ እንደ ጠፋ ማን ይቈጥረዋል? በእንግሊዙ ሲኒማ ትንሿ ወተት ቤት በመጨረሻ ታሸንፋለች። በእኛው ታሪክ ግን የተሸነፈው ሣቁ ነው።

ከላፎንቴን ተረቶች መካከል የበጅሮንድን የቀረውን ሕይወት ለመረዳት የሚያግዘን አንዱ ስለ ሽርክና የሚያወሳው ነው። ጊደር፣ ፍየልና በግ ከአንበሳ ጋር የንግድ ማኅበር መሰል ውል ይገባሉ፤ ትርፉም ኪሳራውም እኩል እንዲሆን ይስማማሉ። በፍየሏ ወጥመድ አጋዘን ሲያዝ አንበሳው ይመጣና ሥጋውን አራት ላይ ይመድባል። የመጀመሪያው ንጉሥ ስለ ሆንሁ፣ ሁለተኛው ብርቱ ስለ ሆንሁ፣ ሦስተኛው ጀግና ስለ ሆንሁ ይገባኛል ብሎ ይወስዳል፤ አራተኛውን የሚነካ ቢኖር አንቀዋለሁ ይላል። የአክሲዮን ኩባንያ የመሠረተ ሁሉ ይህን ተረት ቢያነብ አይጐዳም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በአስተዳደር ሥራም ውለዋል። በጅጅጋና በጨርጨር ሠርተዋል። እንደ ባለሙያ ስንመለከተው የምንደነቀው በዚህ ዘመን ነው። ያልተጠና ከተማ እንደ አረም ይበቅላል፤ እሳቸው ግን ቤት ከመሠራቱ በፊት መንገድ ይቀየስ አሉ። በጨርጨር ተራራማ አገር የዛሬዋን ጭሮ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ ቈረቈሩ። እኛ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በፕላን በተመሠረተችው ሐዋሳ የምንኖር ሰዎች፣ መንገዱ ቀድሞ የተዘረጋለት ከተማ ለነዋሪው ምን ያህል ዕዳ እንደሚያቀልለት እናውቃለን። ጨርጨርም በግብር ሥርዓቱና በአስተዳደሩ ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ግዛት ነበር፤ ይህንኑ ሥራ ከእሳቸው በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ቀጥለውበታል።

ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊ ባልሆንም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጨርጨር ባዶ አገር አልነበረም። የኢቱ ኦሮሞ ሕዝብ አገር ሲሆን፣ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በጦርነት ከተያዘ በኋላ ገበሬው በመሬቱ ላይ ለባለ ርስቱና ለሹሙ ተገዥ ሆኖ ቀርቶ ነበር። በጅሮንድ ግብሩን በደንብ ወሰኑ፣ ዘፈቀደውን ገቱ፤ ይህ ውለታ ነው። ይሁንና የሽርክናውን ውል የጻፈው አሁንም አንዱ ወገን ብቻ ነበር። በቴራስ ሆቴል ስለ ትንንሾቹ አውሬዎች የተናገሩት ሰው በጨርጨር ከአንበሳው ወገን ተቀምጠው ነበር ብል የሚቈጣኝ ወዳጅ እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ግን ይህ የሰውየውን ታላቅነት የሚቀንስ አይመስለኝም፤ የሚኖሩበትን ሥርዓት ክብደት ያሳያል እንጂ።

ይኸው ነገር በሕገ መንግሥቱም ተደገመ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት መባቻ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እንዲያረቁ ታዘዙ። አብነቱ እ.ኤ.አ. የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲታወጅ ስለ ትርጉሙ ለመኳንንቱ የሚያብራራውን ንግግር ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰነድ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያውን መኳንንቱ ይመርጣሉ። ሥልጣኑ ሁሉ ግን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ይጠቀለላል። አራቱም መደብ ወደ አንድ ሄደ ማለት ነው። መሐንዲስ እንደመሆኔ የምፈርደው እንዲህ ነው፤ ንድፉ የተሠራው ባለቤቱ በፈቀደው ቦታና በሰጠው ቁሳቁስ ነው። ያም ሆኖ ሥልጣን በጽሑፍ ሊወሰን የሚችል ነገር መሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ተጻፈ። ይህን አሳንሼ አላየውም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጄኔቭ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ ማንም ቢነካት ማኅበሩ በሙሉ ይቆምላታል የሚል ውል ገብታ ነበር። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ተነሣ። በቀጣዩ ዓመት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በፓሪስ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው በማኅበሩ ሸንጎ ስለ ሀገራቸው ቆሙ። በአጠገባቸው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ጋስቶን ጄዝ ነበሩ። በፊታቸው ደግሞ የኢጣልያ መልእክተኞች ተቀምጠው ኢትዮጵያ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር ልትቀመጥ አይገባትም የሚል የክስ መዝገብ አቅርበዋል። ዐድዋን በልጅነት ያየ ሰው፣ የወራሪውን ልጆች በአርባ ዓመቱ በጠረጴዛ ዙሪያ አገኛቸው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር መረብን ተሻገረ። ማኅበሩ ኢጣልያን አጥቂ ናት ብሎ ፈረደ፤ የንግድ ማዕቀብም ጣለባት። ነገር ግን ለጦር መኪናዎቿ እስትንፋስ የሆነው ነዳጅ ዘይት ከማዕቀቡ ውጭ ሆነ፤ የሱዌዝ ቦይም ለመርከቦቿ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ታላላቆቹ መንግሥታት በትንሹ አባል ወጥመድ የተያዘውን እየመደቡ ነበር። ፋቡላን የጻፈው ሰው ይህን ከሩቅ ያነበበው አይደለም፤ ከሸንጎው ውስጥ ተቀምጦ በቋንቋቸው ሲከራከር ያየው ነው። አውሬዎቹ አሁን ኮትና ሱሪ ለብሰዋል። የሚያሥቅ ነገር ግን አልነበረውም።

በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ንጉሠ ነገሥቱ ሀገር ለቅቀው እንዲሄዱ ሲመከር ከተቃወሙት አንዱ በጅሮንድ ነበሩ። ጦርነቱ በዱር በገደል ይቀጥል የሚል አሳብ ነበራቸው። አሳባቸው ተቀባይነት አላገኘም። እሳቸውም በስተኋላ ተሰደዱ፤ በማዳጋስካር ደሴት ረጅም ዘመን ኖሩ። ሀገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ብዙዎች ለሹመት ሲመለሱ እሳቸው ዓመታት ቈይተው መጡ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ አሳትመው ነበር። ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ከቢሮ ይልቅ የእርሻ ሥራን ሲመርጥ የሚተርክ መጽሐፍ ስለሆነ፣ አባትን ሳያስታውሱ ልጅን ማንበብ ያስቸግራል።

በጅሮንድም ከተመለሱ በኋላ ሹመት አልፈለጉም። የተማሩትን እርሻ ይዘው በሐረርጌ፣ ኂርና ገቡ። መድፍ የተማረ፣ ተውኔት የጻፈ፣ ሕገ መንግሥት ያረቀቀና በጄኔቭ የተሟገተ ሰው በእርጅናው ማሳ ውስጥ ዋለ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን ተብሎ ሲታወጅ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። የባለ ርስቱም የጭሰኛውም ውል በአንድ ቀን ሲቀደድ አዩ። በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጥቷል፤ ባልደረቦቼ ቢያነቡት፣ በተለይም ስለ ጨርጨር የሚያወሳውን ክፍል፣ ለከተማ ፕላን ሥራቸው የሚጠቅማቸው ብዙ ነገር ያገኙበታል።