ጄፍሪ ደ ሃቪላንድ እና ባለጋቢናዋ አይሮፕላን

ጄፍሪ ደ ሃቪላንድ እ.ኤ.አ. በ1882 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከአንድ ቄስ ቤተሰብ ተወለደ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ነገሮች እጅግ ይማርኩት ነበር፤ አንደኛው ሞተር ሲሆን፥ ሁለተኛው ቢራቢሮንና የእሳት እራትን የመሳሰሉ ነፍሳት ነበሩ። የምህንድስና ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በሞተር ሥራ ተቀጠረ፤ ነገር ግን ልቡ ገና አዲስ ወደነበረው ወደ አይሮፕላን ሥራ አዘነበለ።

ለዚህ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው የእናቱ አባት 1,000 ፓውንድ ሰጡት። ከአንድ ጓደኛው ጋር ሆኖ የመጀመሪያይቱን አይሮፕላን ሠራ፤ የክንፎቿን ጨርቅ በስፌት መኪና የሰፋችው ባለቤቱ ሉዊዝ ነበረች። በ1909 መጨረሻ አይሮፕላኗ ከመሬት እንደ ተነሣች ክንፏ ተሰብሮ ወደቀች። ደ ሃቪላንድ ከአደጋው ተርፎ ሞተሩን ከስብርባሪው አወጣና ሁለተኛይቱን አይሮፕላን ይበልጥ አጠንክሮ ሠራ። በ1910 ሴቨን ባሮውስ በተባለ ቦታ ይህችን አይሮፕላን በተሳካ ሁኔታ አበረረ።

በ1920 የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። ዓላማው ማንም ሰው ሊማርባትና ሊያበርራት የሚችል ቀላል አይሮፕላን መሥራት ነበር። በ1925 ሞዝ የተባለችው አይሮፕላን በረረች። ሞዝ በእንግሊዝኛ የእሳት እራት ማለት ሲሆን፥ ስሙ የወጣላት ክንፎቿ እንደዚያች ነፍሳት ወደ ኋላ ስለሚታጠፉ ነው። ይሁን እንጂ የሞዝ መቀመጫዎች ክፍት ስለ ነበሩ ተሳፋሪው ነፋስ፥ ብርድና ዝናብ ይፈራረቁበት ነበር። ያለ ቆዳ ቆብና ያለ ዓይን መከላከያ መነጽር መብረር አይቻልም፤ መነጋገርም ያስቸግር ነበር።

ይህን ችግር ለማስወገድ ደ ሃቪላንድ በ1929 ፐስ ሞዝ የተባለችውን አይሮፕላን አስገኘ። ፐስ ሞዝ አብራሪውንና አንድ ወይም ሁለት መንገደኞችን የምትይዝ፥ መስኮት ያለው ዝግ ጋቢና ያላት ነበረች። ክንፏ ነጠላ ሆኖ ከጋቢናው በላይ ተገጥሟል። 120 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ሲሊንደሮቹ ወደ ታች የተዘቀዘቁ ስለሆኑ አብራሪው ከፊቱ ያለውን ሁሉ በሚገባ ለማየት ይችላል። ለማረፍ ስትቃረብም የመንኮራኩር እግሮቿ መሸፈኛዎች ዞረው ነፋሱን በመመከት ፍጥነቷን ይቀንሱ ነበር።

አይሮፕላኗ ብዙም ሳይቆይ በዓለም ታወቀች። በ1931 ኤሚ ጆንሰን ከአንድ መካኒክ ጋር ከለንደን ተነሥታ እስከ ቶኪዮ በረረችባት። በ1932 ደግሞ ሌላ ፐስ ሞዝ ይዛ ብቻዋን ከእንግሊዝ እስከ ኬፕታውን ከአምስት ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደረሰች። በዚያው ዓመት ባለቤቷ ጂም ሞሊሰን በፐስ ሞዝ ብቻውን ተጉዞ አትላንቲክ ውቅያኖስን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በመሻገር የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ይሁን እንጂ ከ1930 ጀምሮ አሳዛኝ ወሬ ይሰማ ጀመር። አንዳንድ ፐስ ሞዞች በአየር ላይ ሳሉ ክንፋቸው እየተሰበረ ተከሰከሱ፤ የተሳፈሩባቸውም ሰዎች ሞቱ። ሰዎች በምቾት እንዲጓዙ ታስባ የተሠራች አይሮፕላን ለሞት ምክንያት መሆኗ ለሠሪዋ ከባድ ፈተና ነበር። ብዙዎቹ ፐስ ሞዞች ያለ ችግር ይበርሩ ስለ ነበር የአደጋውን መንሥኤ ማግኘት ቀላል አልሆነም። በመጨረሻ ከብዙ ምርመራ በኋላ ምሥጢሩ ተደረሰበት። አይሮፕላኗ በሚናወጥ አየር ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ስትጓዝ ክንፏ ይርገበገባል፤ መርገብገቡም እየበረታ ሄዶ ክንፉን እስከ መስበር ይደርሳል። ስለዚህ ክንፉን የሚደግፈው ዘንግ በአንዲት ትንሽ ተጨማሪ ድጋፍ እንዲጠነክር ተደረገ።

ደ ሃቪላንድ በዚህ ብቻ አልተወሰነም። በ1933 ሌፐርድ ሞዝ የተባለችውን ሌላ ባለጋቢና አይሮፕላን አወጣ። ሰውነቷ በብረት ቱቦ ፈንታ በስስ የተደራረበ እንጨት ስለ ተሠራ ክብደቷ ቀለለ፤ ከፐስ ሞዝም የበለጠ ርቀት ለመጓዝ ቻለች። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ በተደረገው የንጉሡ ዋንጫ የአይሮፕላን ውድድር ደ ሃቪላንድ በ50 ዓመት ዕድሜው ራሱ አብርሯት በሰዓት በአማካይ 224 ኪሎ ሜትር በመጓዝ አሸነፈ። በእጁ ሥራ ላይ የነበረውን እምነት የገለጸው ሕይወቱን ለእርሷ አደራ በመስጠት ነው።

ከዚያ በኋላም ሐዘን አልተለየውም። ከሦስት ወንዶች ልጆቹ ሁለቱ፥ ጆን በ1943፥ ጄፍሪም በ1946፥ ኩባንያው የሠራቸውን አይሮፕላኖች ሲያበርሩ ሞቱ። አባታቸው ግን ሥራውን አልተወም። በ1944 የሰር ማዕርግ ተሰጥቶት ነበር። በ1965 ባረፈ ጊዜ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በሴቨን ባሮውስ ላይ ከአየር ተበተነ፤ ይህም በወጣትነቱ ከወደቀበት ተነሥቶ፥ ስሕተቱን አርሞ ለመጀመሪያ ጊዜ በድል የበረረበት ቦታ ነው።